ወንዙን ይዞ ሽቅብ

ስፔን ሲባል መጀመሪያ ምን ይታያችኋል? ከቤታችሁ አንዱ ሳያስብ "በርናባው!" ይላል፤ ሌላው "ካምፕ ኑ!" ብሎ ይመልስና ክርክሩ ይጀመራል። የባህር ዳርቻ ቀድሞ የሚታያችሁም አላችሁ፣ የልብስና የጫማ ሱቅ የሚታያችሁም እንዲሁ። ማርኬቲንግ ውስጥ የምሠራ ሰው ነኝና ይህ አይገርመኝም። ወደ ጭንቅላታችን ቀድሞ የሚመጣው ብዙ የተዋወቀው ነው። ብዙ የተዋወቀው ግን ለቤተሰብ የሚሻለው ነው ማለት አይደለም።

በዚህ ወር አምዳችን ማስታወቂያ ብዙም ወደማይጎበኘው የስፔን ገጠር ልውሰዳችሁ። የምንሄደው በደቡብ ስፔን፣ በአንዳሉሲያ ክልል፣ ሃኤን በሚባለው አውራጃ ወዳለ ተራራማ ጫካ ነው። እዚያ ቦሮሳ የሚባል ወንዝ አለ። ወንዙን ይዞ ሽቅብ የሚወጣ የእግር መንገድም አለ። መንገዱ በጠባብ ገደል መሃል አልፎ፣ በፏፏቴዎች ሥር አድርጎ፣ ውሃው ከዓለት ውስጥ እስከሚፈልቅበት ምንጭ ድረስ ይወስዳችኋል። የመግቢያ ትኬት የለውም፤ የሚከፈለው በእግር ነው።

"ለእግር ጉዞማ ስፔን ድረስ ምን አስኬደን? ተራራውም ወንዙም እዚሁ ሞልቶ!" የምትሉ ትኖራላችሁ። ልክ ናችሁ። ለአንድ የእግር መንገድ ብላችሁ ቪዛ ጠይቁ አልላችሁም። ነገር ግን በሥራ፣ በትምህርት፣ ዘመድ ለመጠየቅ ወይም ለእረፍት ወደዚያ የሚሄድ ብዙ ነው። አውሮፓ ውስጥ የምትኖሩ አንባቢዎቻችንም አላችሁ። ይህን ያህል ወጪ ወጥቶበት የተገኘ ሳምንት ሁሉ በገበያ አዳራሽና በፎቶ ብቻ እንዳያልቅ፣ ሁለት ቀን ቀንሱለት ነው የምላችሁ። ምክንያቱን እያደር ታገኙታላችሁ።

ቦታው

ተራሮቹ ካዞርላ፣ ሴጉራ እና ላስ ቪያስ ይባላሉ። በስፔን ካሉት ጥብቅ ሥፍራዎች በስፋቱ የሚመራው ይኸው ሲሆን ከ2,000 ካሬ ኪሎ ሜትር በላይ ይሸፍናል። ዩኔስኮ እ.ኤ.አ. በ1983 በባዮስፌር ጥብቅ ሥፍራነት መዝግቦታል፤ በ1986 ደግሞ የተፈጥሮ ፓርክ ተብሏል።

ወደዚያ ስትሄዱ አስቀድሞ የሚቀበላችሁ ጫካው ሳይሆን ወይራው ነው። በሃኤን አውራጃ ከ60 ሚሊዮን በላይ የወይራ ዛፍ አለ። ለሁለት ኢትዮጵያውያን አንድ ዛፍ ሊደርስ ምንም አይቀረው! ኮረብታ አልፋችሁ ኮረብታ ስትወጡ፣ በመስመር የተተከለ ወይራ እንደ ጥልፍ ተዘርግቶ ታዩታላችሁ። ከዚያ መንገዱ መጠማዘዝ ይጀምራል፤ ወይራው ያልቅና ጥድ ይተካል።

ስለ ጥዱ ለልጆቻችሁ የምትነግሯቸው አንድ ታሪክ አለ። እ.ኤ.አ. በ1748 የስፔን መንግሥት ይህን ከባህር ብዙ የራቀ ተራራ በባህር ኃይሉ ሥር አደረገው። ምክንያቱ እንጨቱ ነው፤ የጦር መርከብ የሚሠራው ከዚህ ጥድ ነበር። ግንዱ ተቆርጦ ወንዝ ውስጥ ይለቀቃል፤ ሠራተኞችም ረጅም ዘንግ ይዘው እየተከተሉ፣ ድንጋይ ላይ የተያዘውን እያላቀቁ ወደ ታች ይነዱታል። ከብት እንደመንዳት ነው፤ የሚነዳው ግን ግንድ ነው።

ቦሮሳ የሚገባው ወደ ጓዳልኪቪር ነው። ጓዳልኪቪር ከእነዚሁ ተራሮች ተነስቶ፣ ኮርዶባንና ሴቪያን አቋርጦ፣ ከ650 ኪሎ ሜትር በላይ ተጉዞ አትላንቲክ ውቅያኖስ ይገባል። ስሙ የመጣው ከዓረብኛ ነው፤ "አል ዋዲ አል ከቢር" ማለት ታላቁ ወንዝ ነው። "ከቢር" የሚለው ከእኛ "ክቡር" ጋር የሥጋ ዘመድ መሆኑን ልብ በሉ። ወንዙን በአማርኛ "ክቡር" ብላችሁ ብትጠሩት ከሥሩ አልራቃችሁም።

መንገዱ በሦስት ክፍል

መነሻው ቶሬ ዴል ቪናግሬ ከሚባለው የጎብኚዎች ማዕከል አጠገብ ነው። ስሙ በቀጥታ ሲፈታ "የአቼቶ ግንብ" ማለት ነው። ከማዕከሉ ትንሽ ዝቅ ብሎ የዓሣ እርባታ አለ፤ መኪናችሁን እዚያ አቁማችሁ ትነሳላችሁ። እስከ መጨረሻው ያለው ርቀት በአንድ አቅጣጫ ወደ 11 ኪሎ ሜትር ነው። ደርሶ መልስ 22 ኪሎ ሜትር ማለት ነውና ሙሉ ቀን ይፈጃል። ግን መንገዱ በሦስት የሚከፈል ስለሆነ ሁሉም እንደ አቅሙ ይመርጣል።

የመጀመሪያው ክፍል ለሁሉም ነው። ሰፊ የጠጠር መንገድ ነው፤ የግል መኪና አይገባበትም። ወንዙ አንዴ በግራችሁ አንዴ በቀኛችሁ ይሆናል፤ ድልድዮች ያሻግሯችኋል። ውሃው እንደ ጠርሙስ የጠራ ነው። ጥልቅ በሆነበት ቦታ አረንጓዴና ሰማያዊ መሃል ያለ ቀለም ይይዛል። ዓሣዎቹ ቆመው ይታያሉ። መንገድ ዳር የድንጋዩ ንጣፍ እንደ ታጠፈ ብርድ ልብስ ተጠቅልሎ የሚታይበት ቦታም አለ፤ ተራራ ሲሠራ ምድር እንዴት እንደተጨመቀች ከመጽሐፍ ይልቅ እዚህ ቶሎ ይገባል።

ወደ አራት ኪሎ ሜትር ገደማ ስትጠጉ መንገዱ ለሁለት ይከፈላል። ጠባቡን ያዙ። ይህ ሴራዳ ዴ ኤሊያስ ነው። ሁለት የዓለት ግድግዳዎች ተቀራርበው ወንዙን መሃላቸው አጥብቀው ይዘውታል። ለእግር ቦታ ስለሌለ ከዓለቱ ጎን የእንጨት መረማመጃ ተሰክቶ ተሠርቷል። በእንጨቱ ላይ ስትራመዱ ውሃው ከእግራችሁ በታች ይሮጣል፤ ከአፍንጫችሁ አጠገብ ደግሞ እርጥብ ዓለት አለ። በእነዚህ ተራሮች እርጥብ ዓለቶች ላይ ነፍሳት የምትበላ ትንሽ ተክል ትበቅላለች። ቅጠሏ ሙጫ ያለው ነው፤ ትንኝ ሲያርፍ ይጣበቃል፤ እሷም ቀስ ብላ ትመገበዋለች። ልጆች ይህን ከሰሙ በኋላ መንገዱን በሙሉ ዓለት ለዓለት ሲፈልጓት ይውላሉ፤ ደከመኝ የሚለውም ቃል ይረሳል።

ሁለተኛው ክፍል ከገደሉ መውጫ እስከ ትንሿ የውሃ ኃይል ማመንጫ ድረስ ነው። መንገዱ እንደገና ይሰፋል፤ አቀበቱ ግን እየተሰማ ይመጣል። ሸለቆው ይከፈትና ከፊት ለፊት ትልልቅ ገደሎች ይታያሉ። እዚያ ስትደርሱ ወደ ሰባት ኪሎ ሜትር ሄዳችኋል።

ሦስተኛው ክፍል ለጠንካሮች ነው። ከማመንጫው በላይ ሰፊው መንገድ ያበቃል፤ ቀጥ ያለ ቀጭን የእግር መንገድ ይጀምራል። በአንድ በኩል ፏፏቴዎች ይወርዳሉ። ከሁሉም ከፍ ያለው ሳልቶ ዴ ሎስ ኦርጋኖስ ይባላል፤ ክረምትና ጸደይ ላይ ውሃው ሲሞላ ድምፁ ቀድሞ ይደርሳችኋል። ከፏፏቴው በላይ መንገዱ ዓለት ውስጥ ይገባል። ለማመንጫው ውሃ የሚወስድ ቦይ ለማሳለፍ የተፈለፈሉ ሁለት ዋሻዎች ናቸው፤ እናንተም ከቦዩ ጎን ለጎን ትሄዳላችሁ። ጨለማ ነው፤ ባትሪ ያስፈልጋል። ከዋሻው ስትወጡ አንድ ጸጥ ያለ ግድብ ይጠብቃችኋል። ከእሱ አለፍ ብሎ አጓስ ኔግራስ የሚባለው ምንጭ አለ፤ ትርጉሙ "ጥቁር ውሃዎች" ማለት ነው። ከዓለት ሥር፣ ያለ ምንም ጩኸት፣ አንድ ሙሉ ወንዝ ይወጣል። ጥቂት ከሄዳችሁ ደግሞ ቫልዴአዞሬስ የሚባል ሐይቅ ታገኛላችሁ። መጨረሻው እሱ ነው።

እማማና እንስራው

እኛ የሄድነው አራት ሆነን ነው፤ እኔ፣ ባለቤቴ፣ ሰባት ዓመት የሆናት ልጃችን እና አማቴ። አማቴ ስድሳ ስምንት ዓመታቸው ነው፤ ያደጉት መንዝ ነው። በቤታችን ሁላችንም የምንጠራቸው እማማ ብለን ነው። ከመሄዳችን በፊት በነበረው ምሽት የተስማማነው አራታችንም አብረን እስከ ገደሉ መውጫ ሄደን እንድንመለስ ነበር።

እማማ ነጠላቸውን አጣፍተው፣ ስኒከር አድርገው፣ ከሁላችን ቀድመው ይሄዱ ነበር። ከገደሉ መውጫ ላይ ድንጋይ ላይ ተቀምጠን ቆሎ ስንቆረጥም ቦርሳ ያዘሉ ወጣቶች በቡድን ሆነው አለፉን።

"እነዚህ ደግሞ ወዴት ይሄዳሉ?" አሉ እማማ።

"ምንጩን ሊያዩ ነው" አልኳቸው።

"አይተውስ?"

"አይተው ይመለሳሉ።"

ትንሽ ዝም ብለው ቆዩና "ምንጭ ደርሶ እንስራ ሳይሞላ የሚመለስ ሰው ዛሬ ገና አየሁ!" አሉ።

ሳቅን። ልጄ ግን አልሳቀችም። "እማማ፣ እንስራ ምንድን ነው?" አለች።

ከዚያ የተጀመረው ወሬ እስከ መኪናው ድረስ አላለቀም። እማማ በልጄ ዕድሜ ሳሉ ጎህ ሳይቀድ በጀርባቸው ትንሽ እንስራ አዝለው ይወርዱ ነበር። በበጋ ምንጩ ሲደክም በቅል እየጨለፉ፣ ውሃው እስኪጠራቀም እየጠበቁ ነበር የሚሞሉት። ተራ የያዘ ብዙ ስለሆነ ቀድሞ የደረሰ ቀድሞ ይቀዳል። አቀበቱ ላይ ወድቆ እንስራ መስበር ደግሞ ሁለት ጊዜ ያስለቅሳል፤ አንዴ እዚያው፣ አንዴ ቤት።

ልጄ "ትምህርት ቤት አይረፍድብዎትም ነበር?" አለቻቸው።

"ትምህርት ቤትማ ወንድሜ ሄደ፤ እኔ ውሃ ወረድኩ" አሉ፤ እንደ ቀላል ነገር።

ባለቤቴ የእማማ ልጅ ነው። ይህን ታሪክ ግን ሰምቶት አያውቅም ነበር። ከዚያ በኋላ ከእናቱ ጎን ሆኖ ብዙ ሲጠይቅ ሰማሁት፦ የምንጩ ስም ማን ይባላል? አሁንም አለ? አብረዋቸው የሚወርዱት ልጆች እነማን ነበሩ?

ውድ አንባቢያን፣ እንዲህ ያለው ወሬ ሳሎን ቁጭ ተብሎ አይመጣም። ሳሎን ውስጥ ቴሌቪዥን አለ፣ ስልክ አለ፣ የሚነሳ ቡና አለ። ገደሉ ውስጥ ኔትወርክ ጠፋ። ጎን ለጎን እየተራመዱ ስለሆነ ዓይን ለዓይን መተያየትም የለም፤ ስለዚህ ለመናገር ይቀላል። ሰዎቹ የሚናገሩት ያላቸው ናቸው፤ የጎደለው የሚጠይቅና ጊዜ ያለው ሰው ነው። ወላጆቻችሁ በሕይወት ያሉላችሁ፣ ይህን ነገር ለነገ አታሳድሩት። ስፔን ባይሆን እንጦጦ ላይም ይሆናል።

ውሃው ከየት ይመጣል?

ልጄ መልሳ መላልሳ የጠየቀችው ይህን ነበር፤ የእናንተም ይጠይቃሉና መልሱን ይዛችሁ ሂዱ። ተራሮቹ የኖራ ድንጋይ ናቸው። ዝናብ ሲዘንብ ከአየርና ከአፈር ጋዝ ስለሚይዝ ትንሽ ኮምጣጣ ይሆናል፤ ይህ ውሃ የኖራ ድንጋይን በብዙ ሺህ ዓመታት ቀስ እያለ ያሟሟዋል። ስንጥቁ ቀዳዳ፣ ቀዳዳው ዋሻ ይሆናል። በክረምት አናቱ ላይ የሚወርደው ዝናብና በረዶ ከላይ ወንዝ ሆኖ አይፈስም፤ ወደ ውስጥ ይሰምጣል። ተራራው ከውስጡ እንደ ጋን ያጠራቅመዋል። ከዚያ የማያሳልፍ ድንጋይ ሲያጋጥመው በአንድ ቦታ ይወጣል። ምንጭ ማለት ይህ ነው። ሐምሌ ላይ፣ ሰማዩ ምንም ሳይጥል ወንዙ የሚፈሰው የባለፈው ክረምት ውሃ ስለሆነ ነው።

የባሌው ሶፍ ዑመር ዋሻም በዚሁ መንገድ የተሠራ ነው፤ የወይብ ወንዝ የኖራ ድንጋዩን ውስጥ ለውስጥ ቆርጦ ያልፋል። ያን ያየ ልጅ ይሄኛውን ቶሎ ይረዳል።

የተጠራቀመ ነገር ደግሞ ካላወቁበት ያልቃል። ጓዳልኪቪር ውቅያኖስ ከመግባቱ በፊት ዶኛና የሚባል፣ በዓለም ቅርስነት የተመዘገበ ረግረግ አለ። ከአውሮፓና ከአፍሪካ የሚመላለሱ ወፎች የሚያርፉበት ነው። በአካባቢው ለእንጆሪና ለሌላ እርሻ ከመሬት ሥር ከመጠን ያለፈ ውሃ ስለተሳበ የአውሮፓ ኅብረት ፍርድ ቤት እ.ኤ.አ. በ2021 ስፔን ላይ ፈርዷል። ድርቁም ታክሎበት በ2022 በዶኛና ከነበሩት ቋሚ ኩሬዎች ትልቁ ሙሉ በሙሉ ደረቀ። ያንኑ ወንዝ አናቱ ላይ ጠርቶ ሲፈልቅ አይቶ የታችኛውን ወሬ መስማት ልብ ይነካል። ሱፐርማርኬት ውስጥ እንጆሪ ስታነሱ ውሃው ከየት እንደመጣ ማሰብ ትጀምራላችሁ።

የት ላይ እንመለስ?

ከዚህ ጽሑፍ አንድ ነገር ብቻ ይዛችሁ የምትቀሩ ከሆነ ይህን ያዙ፦ የምትመለሱበትን ቦታና ሰዓት ከቤት ሳትወጡ ወስኑ። ሁሉም ይስማማበት፤ ልጆቹም ጭምር።

በኮሌጅ ቢዝነስ ስንማር የወጣ ገንዘብ ስለወጣ ብቻ ሌላ ገንዘብ እንዳንጨምርበት ተነግሮናል። መንገድም እንዲሁ ነው። ሰባት ኪሎ ሜትር መሄዳችሁ ስምንተኛውን ለመሄድ ምክንያት አይሆንም። "እዚህ ድረስ መጥተንማ!" የሚለው ቃል ተራራ ላይ አደገኛ ነው፤ ምክንያቱም መመለሻው ያንኑ ያህል ነው። አምስት ኪሎ ሜትር የሄደ ልጅ አምስት ይቀረዋል። የሚደክመውም፣ የሚወድቀውም በብዛት ሲመለስ ነው።

የእኔ ምክር ይህ ነው። ከ10 ዓመት በታች ልጅ ወይም ጉልበታቸውን የሚያማቸው አረጋዊ ይዛችሁ ከሆነ በገደሉ መውጫ ተመለሱ፤ ደርሶ መልስ ስምንትና ዘጠኝ ኪሎ ሜትር ይበቃል፤ ያያችሁትም ትንሽ አይደለም። መራመድ የለመዱ ታዳጊዎች ካሏችሁ እስከ ማመንጫው ድረሱ። ዋሻዎቹንና ምንጩን ለመድረስ ግን ሁሉም ሰው ጤነኛ፣ የእግር ጉዞ የለመደ፣ ከፍታና ጨለማ የማይፈራ መሆን አለበት። እኔና ባለቤቴ ከሁለት ቀን በኋላ፣ እማማና ልጃችን ማረፊያችን እያሉ፣ ማልደን ተነስተን ለብቻችን ነው የጨረስነው። ከተጋባን ወዲህ ሁለታችን ብቻ ሆነን ስምንት ሰዓት ያለ ስልክ የቆየንበት ሌላ ቀን ትዝ አይለኝም። እሱንም መርቁልን።

ከመሄዳችሁ በፊት

ጊዜ፦ የተሻለው ከሚያዝያ እስከ ግንቦት መጨረሻ፣ ከዚያም ከመስከረም አጋማሽ እስከ ጥቅምት ነው። ችግሩ የልጆቻችን የትምህርት ቤት እረፍት ሐምሌና ነሐሴ ላይ ይውላል፤ ያ ወቅት በአንዳሉሲያ ቆላ ሙቀቱ 40 ዲግሪ የሚያልፍበት ነው። በዚያ ወር ከሄዳችሁ በማለዳ ተነሱ፤ በእነሱ ሰዓት ከጠዋቱ 7 ተኩል ማለትም በእኛ 1 ሰዓት ተኩል ላይ መንገድ ጀምሩ፤ ፀሐይ አናት ላይ ሳትደርስ ጨርሱ። ሰዓት ስትቀጣጠሩ "በማን አቆጣጠር?" ብላችሁ አረጋግጡ፤ በስድስት ሰዓት ስህተት ተራራ አይወጣም።

መረጃ፦ በማዕከሉ ጎራ ብላችሁ መንገዱ ክፍት መሆኑን ጠይቁ። ድንጋይ ከወደቀ ወይም ጎርፍ ካለ አንዳንዱ ክፍል ይዘጋል። ገደሉ ውስጥ ስልክ ስለማይሠራ ለማረፊያችሁ ሰው የምትመለሱበትን ሰዓት ተናገሩ። የአደጋ ጊዜ ቁጥር 112 ነው።

መድረሻ፦ የኢትዮጵያ አየር መንገድ ማድሪድ ይበራል። ከማድሪድ እስከ ካዞርላ ከተማ በመኪና አራት ሰዓት ገደማ፣ ከግራናዳ ደግሞ ሁለት ሰዓት ተኩል ገደማ ነው። ከካዞርላ እስከ መነሻው ጠመዝማዛ መንገድ ስላለ መኪና የሚያመው ልጅ ካላችሁ ቁርሱን ቀለል አድርጉለት። ኮቶ ሪዮስ በሚባለው መንደር አካባቢ ካደራችሁ ለመንገዱ ቅርብ ናችሁ።

ወጪ፦ የሸንገን ቪዛ ክፍያ ለአዋቂ 90 ዩሮ፣ ከ6 እስከ 11 ዓመት ላሉ ልጆች 45 ዩሮ ነው፤ ከ6 ዓመት በታች ነፃ ነው። የእግር መንገዱ ራሱ አያስከፍልም። ከስታዲየም ጉብኝት ጋር አስተያዩት፤ ቤተሰቡ ሁሉ ገብቶ ስንት እንደሚሆን ባለቤቶቻችሁ ያውቁታል።

ስንቅ፦ በሶ፣ ቆሎና ዳቦ ቆሎ ለእግር ጉዞ እንደ ተፈጠሩ ናቸው፤ ቀላል፣ የማይበላሹ፣ ጉልበት የሚሰጡ። ስጋና የወተት ውጤት ግን ከውጭ ወደ አውሮፓ ኅብረት ይዞ መግባት አይፈቀድም፤ ቋንጣውና ቅቤው እቤት ይቅር። ለጿሚ ችግር የለም፤ ዳቦ፣ ቲማቲምና የወይራ ዘይት የአገሬው ቁርስ ነው። ለአንድ ሰው ቢያንስ አንድ ሊትር ተኩል ውሃ ያዙ። ባዶ ፕላስቲኩን ይዛችሁ ተመለሱ።

ልብስ፦ ሶሉ የማያንሸራትት የለመዳችሁት ጫማ፣ ኮፍያ፣ ቀለል ያለ ጃኬት። ገደሉ ውስጥ ሐምሌም ቢሆን ይቀዘቅዛል። ዋሻው ድረስ ለምትሄዱ በጭንቅላት የሚታሰር ባትሪ ግዴታ ነው።

ሰማይ፦ አልፎ አልፎ ቀና በሉ። አጥንት ከሰማይ ዓለት ላይ ጥሎ ሰባብሮ የሚበላ ትልቅ አሞራ አለ፤ ስፔኖች "አጥንት ሰባሪ" ይሉታል። ከእነዚህ ተራሮች ጠፍቶ ነበር፤ እ.ኤ.አ. ከ2006 ጀምሮ እየተራባ ሲለቀቅ ቆይቶ አሁን ተመልሷል። የእኛው ስሜን ላይ የሚያንዣብበው እሱ ራሱ ነው። ገደል ለገደል የሚዘሉት የስፔን የተራራ ፍየሎችም የዋልያ የቅርብ ዘመዶች ናቸው።

ደቡብ ድረስ የማይመቻችሁ በሰሜን ስፔን፣ ናቫራ ክልል ኡሬዴራ የሚባል ወንዝ አለላችሁ። መነሻው ባኬዳኖ የምትባል መንደር ናት። ስሙ በባስክ ቋንቋ "ውብ ውሃ" ማለት ነው፤ ይገባዋል። መንገዱ አጭር ስለሆነ ለትናንሽ ልጆች ይሻላል። ነገር ግን በቀን የሚገባው ሰው ቁጥር የተወሰነ ነው፤ አስቀድሞ በኢንተርኔት ቦታ መያዝ ግድ ይላል። እንደ ማርኬቲንግ ሰው ይህን አሠራር ወድጄዋለሁ። የሚሸጠው ነገር ጸጥታው ከሆነ፣ ሰው በበዛ ቁጥር ዕቃው ይበላሻል።

ከስፔን የመጣው ምንጭ ፈላጊ

አንድ ነገር ልጨምርና ልሰናበት። በማድሪድ አቅራቢያ አንዲት ትንሽ መንደር አለች። በድሮ ዘመን "የሽንኩርቷ ኦልሜዳ" ትባል ነበር፤ ዛሬ ስሟ ኦልሜዳ ዴ ላስ ፉዌንቴስ ነው፤ "የምንጮቹ ኦልሜዳ" እንደማለት። እ.ኤ.አ. በ1564 እዚያ የተወለደው ፔድሮ ፓኤዝ የተባለ ኢየሱሳዊ ቄስ ብዙ አገር አቋርጦ ወደ እኛ መጣ። በ1618 ከአፄ ሱስንዮስ ጋር ሆኖ ሰከላ ላይ የግሽ ዓባይን ምንጭ አይቶ ጻፈ፤ በ1622 እዚሁ ኢትዮጵያ ውስጥ አረፈ። የምንጮች መንደር ልጅ የእኛን ምንጭ ለማየት ይህን ያህል ከተጓዘ፣ ከእኛስ ስንቶቻችን ሰከላ ደርሰናል?

ስለዚህ ቪዛው ቢመጣም ባይመጣም የዚህን ወር የቤት ሥራ ሁላችሁም መሥራት ትችላላችሁ። ቅዳሜ ቁርስ ላይ ልጆቻችሁን "የቧንቧችን ውሃ ከየት ነው የሚመጣው?" ብላችሁ ጠይቁ። አዲስ አበባ ከሆናችሁ መልሱ ለገዳዲ፣ ድሬ፣ ገፈርሳ ወይም የአቃቂ ጉድጓዶች ነው። ከዚያ አያቶቻቸውን "እናንተስ ከየት ትቀዱ ነበር?" ብለው እንዲጠይቁ አድርጉ። እሁድ ደግሞ የምትችሉትን ያህል በእግር ውጡ፤ እንጦጦም ይሁን መናገሻ ሱባ። የምትመለሱበትን ሰዓት ቀድማችሁ መወሰን እንዳትረሱ፤ ቆሎውንም።

በሚቀጥለው ወር እስክንገናኝ፣ መልካም መንገድ!